የአባዬ መለኪያና የጋሼ መርፌ ባትሪ

ለእኔ ታላቅ፣ ለድንቢጥ ሁለተኛ እናት ለሆንሽው እህቴ፤

ሰላምታዬ ከፎቶ ቤቱ የኋላ ክፍል ተነስቶ፣ ባሕርም ድንበርም ሳያግደው፣ ከሥራ ገብተሽ ጫማሽን በምታወልቂበት ሰዓት ይድረስሽ። እንዴት ነሽ እታለም? ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ እንፋሎት እጄን ላጠው ብለሽ ነበር፤ ቅባቱን ገዛሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ነገ ነገ እያልሽ ነው? ምግብሽን በሰዓቱ ትበያለሽ? ያቺ አብራሽ የምታድረው የምታንኮራፋው ልጅስ ደህና ናት? ታናሻችን ድንቢጥ አፍንጫዋን በልብስ መቆንጠጫ ያዢላት ብላሻለች። ይህን ሁሉ በወረቀት የምጠይቅሽ፣ በስልክ ስጠይቅሽ ሁሉንም «ደህና ነኝ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልለሽ ስለምታልፊው ነው። አሁን ግን አንድ በአንድ መመለስ አለብሽ፤ እየቆጠርኩ ነው።

እኛ ደህና ነን ብዬ ብጽፍልሽ ግማሹ እውነት ነው። ትምህርቴን አላቋረጥኩም። ድንቢጥ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ «ስ» ማለት ስላቃታት ስምሽን ስትጠራ ሰፈሩ ሁሉ ይስቃል። እማዬ ግን ከአባዬ ሐዘን ወዲህ ቃል ቆጣቢ ሆና ነበር። ምግብ ታቀርባለች፣ «ብሉ» ትላለች፣ ያልቃል። የፎቶ ቤቱን ቁልፍ በአንገቷ አንጠልጥላ፣ እኔ ልጠርግ ስጠይቃት ትሰጠኛለች እንጂ እሷ ራሷ ደፉን አልፋ አትገባም ነበር። እኔም በበኩሌ ትምህርት ቤት ስስቅ እውልና ቤት ስገባ፣ የአባዬን ኮት ከበሩ ኋላ ሳየው፣ ሳቄን የሰረቅኩት ይመስለኛል። ይኼን ለማንም አልነገርኩም፤ ላንቺ ነው የምነግርሽ።

ባለፈው የደወልሽ ጊዜ፣ እማዬ ስልኩን ለእኔ አቀብላ ጓዳ ከገባች በኋላ፣ «አባዬ ተቀይሞኝ ነው የሞተው» አልሽኝ። እኔም ዝም አልኩሽ። ዝም ያልኩት ነገሩ እውነት ስለሆነ አይደለም፤ ምን እንደምመልስልሽ ስላላወቅኩ ነው። የሄድሽ ጠዋት ከበር ላይ ፎቶ አንስቶሽ ሲያበቃ፣ «በይ ሂጂ፣ መኪናው ያመልጥሻል» ብሎሽ በቅጡ እንኳ ሳያቅፍሽ ወደ ግቢ ገባ። እኔ ሻንጣሽን ተሸክሜ አብሬሽ ነበርኩ። ጥጉ ጋ ስንደርስ ዘወር ብለሽ ስታዪ በሩ ላይ የቆሙት እማዬና ድንቢጥ ብቻ ነበሩ። አንገትሽን ሰበር አድርገሽ መንገድሽን ቀጠልሽ። ወር ሳይሞላው አባዬ ታመመ፤ አንቺም በሥራ ውልሽ ምክንያት ለቀብሩ መድረስ አልቻልሽም። እንግዲህ ይኼ ነገር በሆድሽ እንደ ድንጋይ ተቀምጦ እንደኖረ የገባኝ ያን ቀን በስልክ ነው። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለዚሁ ነው፤ ነገር ግን ነገሩ በባትሪ በኩል ስለሚዞር ትዕግስት ይኑርሽ።

ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ የአባዬን ካሜራ ከመደርደሪያው አወረድኩት። ያን ጠዋት እናንተን ያነሳበት ፊልም እስከ ዛሬ ውስጡ ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድም ሰው አላነሳበትም። እማዬ ካሜራው ፊልሙን አዲስ የጎረሰው ያን ዕለት ነው አለችኝ። ቆጣሪው ግን ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል ይላል። እማዬ ቆጣሪው አርጅቶ ነው ብላ አልፋዋለች። እንግዲህ ፊልሙን አውጥቼ ልጠበው፣ የእህቴን ፎቶ ልላክላት አልኳት። እሷም እጇን ከሳፋው ሳታወጣ፣ «ያላለቀ ፊልም ከዚህ ቤት ካሜራ ወጥቶ አያውቅም» አለችኝ። ታውቂያለሽ፤ አባዬ ያላለቀ ፊልም ማውጣት ያልበሰለ ዳቦ ከምድጃ እንደማውጣት ነው ይል ነበር። ያ ነጋዴ ቸኩሎ «አሁኑኑ አውጣልኝ» ብሎት፣ የቀረውን ፊልም በነጋዴው በራሱ ፊት ላይ ጨርሶ የሰጠው ጊዜ ትዝ ይልሻል? በሁሉም ፎቶ ላይ ተቆጥቶ የወጣው።

«እንግዲያው የቀረችውን በግድግዳም በዛፍም ልጨርሳት» አልኳት። ይኼኔ እጇን አወጣች። «በአባትህ ፊልም ግድግዳ አታነሳም፤ ሰው ነው የሚነሳበት፣ ያውም ተለክቶ። ሳይለካ የሚያነሳ እንደ ሌባ ነው፣ ያገኘውን አፍሶ የሚሮጥ» አለችኝ። ይኼ ደግሞ የአባዬ ሳይሆን የራሷ ሕግ ነው። እኔም ለመለካት ዳኛዋን ከቆዳ ማኅደሯ አወጣኋት።

ዳኛዋን መቼም አልረሳሻትም። ያቺ መዳፍ የምታክል ጥቁር የብርሃን መለኪያ። አባዬ ቅርቡ ስለማይታየው መርፌዋን ማንበብ የእማዬ ሥራ ነበር። እማዬ መለኪያዋን በደንበኛው ጉንጭ አጠገብ ትይዛለች፤ አባዬ ከካሜራው ኋላ ጎንበስ ብሎ «ዳኛዋ ምን ፈረደች?» ይላል፤ እማዬ ቁጥሩን ትናገራለች፤ እሱ የሌንሱን ቀለበት በእጁ ዳስሶ ያዞራል። ይግባኝ የለም። ሁለቱ ጠዋት በሆነ ባልሆነው ተኳርፈው ቢሆን እንኳ ደንበኛ ሲመጣ በዳኛዋ በኩል ይነጋገሩ ነበር፤ ሦስተኛው ደንበኛ ላይ ሲደርሱ ታርቀዋል። እኔ ያን ቀን ሳወጣት ግን መርፌዋ ከሥር ተኝታ አልነሳ አለች። ወደ መስኮት ወሰድኳት፣ ወደ ፀሐይ አወጣኋት፤ ወይ ፍንክች። ባትሪዋ ሞታለች። አባዬ ሳጥን ሙሉ አስቀምጦ ሲጠቀምባቸው ከኖረው ባትሪዎች ያቺ የመጨረሻዋ ኖራለች፤ ሳጥኑን ስገለብጠው አንድ የሞተ የእሳት እራት ብቻ ወደቀ።

ባትሪ ምን አላት ብዬ ነበር። የሬዲዮ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ፣ «እንዲህ ዓይነት አይቼ አላውቅም» አለኝ። ካሜራ የሚሸጠው ልጅ ዘንድ ሄድኩ፤ እያገላበጠ አይቷት «ወንድሜ፣ ስልክ የለህም እንዴ?» አለኝ። በመጨረሻ ሰዓት ሠሪው ዘንድ ሄድኩ። እሱ በአንድ ዓይኑ ላይ ያቺን ማጉያ ሰክቶ፣ ባትሪዋን በመቆንጠጫ አንስቶ ጎኗን አነበበ። «ይቺ እኮ የሜርኩሪ ናት» አለኝ። «ሜርኩሪ መርዝ ነው ተብሎ መሥራት ካቆሙ ብዙ ዘመን ሆነ። ዓለምን ብታስስ ትኩስ የሜርኩሪ ባትሪ አታገኝም። ባጭሩ መለኪያህ ወላጅ አልባ ሆናለች» አለና የተናገረው ጆሮው ላይ ሲደርስ ጊዜ ደነገጠ። አባዬን በደንብ ያውቀው ነበር። ፊቱን ወደ መሳቢያው አዙሮ ብዙ ፈለገና፣ በመጠኗ ከአሮጌዋ ጋር ቁርጥ አንድ የሆነች አዲስ ባትሪ አውጥቶ፣ «በል ይቺን ሞክር፣ ስጦታዬ ነው» ብሎ እጄ ላይ አደረገልኝ።

ቤት ገብቼ ብሰካት መርፌዋ ዘልላ ተነሳች። ደስታዬን አትጠይቂኝ። ድንቢጥን ከነተማሪ ቤት ልብሷ ጎትቼ የደንበኛው ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፣ ሁለቱን መብራቶች አበራሁ፣ መለኪያዋን በጉንጯ አጠገብ ይዤ እንደ እማዬ ጮክ ብዬ «ስምንት» አልኩ። ቀለበቱን ወደ ስምንት አዙሬ ካሜራው ኋላ ጎንበስ ስል፣ ከኮሪደሩ የእማዬ ድምፅ መጣ። «ስምንት አይልም» አለች። ቀና ስል በሩ ላይ ቆማለች፤ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች። «በዚያ ወንበር፣ በእነዚያ መብራቶች፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ አምስት ስድስት ነው። ስምንት ብሎ አያውቅም» አለች፤ አምስት ነጥብ ስድስት ማለቷ ነው።

እኔ መርፌዋን እያሳየሁ ስከራከራት፣ ያን ከቀብሩ ወዲህ ያልረገጠችውን ደፍ አልፋ ገባች። የገባች አልመሰላትም፤ እኔ ግን አየሁ። መለኪያዋን ነጠቀችኝ፣ አምፖሎቹ እንዳልተቀየሩ አረጋገጠች፣ የድንቢጥን አገጭ ቀና አድርጋ እንደገና ለካች። ስምንት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ስምንት አምነህ ብታነሳት ፊቷ ከሰል ይመስል ነበር። ብርሃኑን አጋንና ነው የምታወራው። ዳኛዋ ጉቦ በልታለች» አለች። ድንቢጥም ከወንበሩ ላይ ሆና፣ «ጉቦ ምንድን ነው? ይጣፍጣል?» ብላ ጠየቀች። እማዬ ፈገግ ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ የት እንዳለች ትዝ አላት መሰለኝ መለኪያዋን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ወጣች። እኔ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ባትሪውን የምፈልገው ላንቺ ፎቶ ብቻ መሆኑ ቀረ። እማዬን ወደዚያ ክፍል የሚመልሳት ነገር ካለ እሷው ዳኛዋ እንደሆነች ገባኝ።

በማግስቱ ሁለቱን ባትሪዎች ይዤ ለፊዚክስ አስተማሪያችን አሳየኋቸው። በእረፍት ሰዓት ቤተ ሙከራ ወስደውኝ ቮልትሜትሩን አወጡ። አሮጌዋ በሕይወት ሳለች ልትሰጥ የሚገባት ቮልት በጎኗ ተጽፏል፤ አዲሷ ከዚያ በጥቂት ትበልጣለች። ትንሽ መብለጧ ነው መርፌዋን ከልክ በላይ የሚገፋት። «ታዲያ ሁልጊዜ አንድ ቀንሼ ባነብስ?» አልኳቸው። «ውሸቷ ቋሚ ቢሆን ደግ ነበር» አሉኝ። «ይህች ግን እያረጀች ስትሄድ ኃይሏ ይወርዳል፤ ዛሬ አንድ ነገር ትዋሻለች፣ የሚመጣው ወር ሌላ። የሜርኩሪዋ ደግነት እስክትሞት ድረስ አንድ ቃል መሆኗ ነበር» አሉኝ። ቀጥለውም ለአሮጌዋ የምትቀርበው፣ እስክታልቅም እምብዛም የማትለወጠው፣ መስማት ለሚያስቸግራቸው ሰዎች የጆሮ መሣሪያ ውስጥ የምትገባው ባትሪ እንደሆነች ነገሩኝ። ጀርባዋ ላይ በመርፌ የተወጋች የሚመስል ቀዳዳ አላት፤ የተለጠፈባት ወረቀት ሲላጥ አየር መሳብ ትጀምራለች። አንዴ ከተላጠች ግን ሠራችም ተቀመጠችም በጥቂት ሳምንት ታልቃለች። የክፍሌ ልጆች ከቤተ ሙከራ ስወጣ አይተውኝ «ባትሪ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ይሁን፤ ካለፈው ዓመቱ ይሻላል።

የጆሮ መሣሪያ ሲባል ከጋሼ መርፌ በቀር ማን ይታሰበኛል? ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን እንደ ድሮው ናቸው፤ አፋቸው ከመቀሳቸው ይበልጥ ይቆርጣል። ስገባ ሱሪ እያሳጠሩ ነበር። ነገሩን ሁሉ ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳቸው፤ ስለ አንቺ ስልክ ብቻ አላወራሁም፤ እሱ የኛ ነው። ስለ ጉቦው ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አሉ፤ ዳኛዋም በእርጅናዋ ቢቆጫት ነው» አሉኝ። ከዚያ መሳቢያቸውን ፈተሹ፤ የባትሪው ማሸጊያ ባዶውን ነው። የሚያመጣላቸው ልጅ የሚመጣው ገና በሳምንቱ ነበር። እኔ «ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ» ብዬ ሳልጨርስ መሣሪያውን ከጆሯቸው አውጥተው ባትሪዋን በጥፍራቸው ፈለቀቋት። አይሆንም ብዬ በእጄም በአፌም ተሟገትኩ፤ አሁን ግን አይሰሙኝም። «አትድከም፣ አልሰማህም!» አሉኝ ከልክ በላይ እየጮሁ። ሚስታቸው ከውስጥ ወጥተው «አንተ ሰውዬ፣ አሁን እኔ ማንን ላናግር ነው?» ቢሏቸው፣ ከንፈራቸውን አይተው፣ «እሷ የምትለውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ሳምንት ቢያልፈኝ አዲስ ነገር አይኖርም» አሉኝ። እትዬም «አንድ ሳምንት ሙሉ የልቤን ልናገር ነው» ብለው ተደስተው ገቡ።

ባትሪዋ ከአሮጌዋ ስለምታንስ የመለኪያዋ ጉድጓድ ውስጥ ተንሸራተተች። ጋሼ መርፌ መለኪያዋን ከእጄ ወስደው ጉድጓዱን ልክ እንደ ሱሪ ወገብ ለኩት። ከቁልፍ ጣሳቸው ውስጥ አንድ የካፖርት ቁልፍ መርጠው መሐሉን ቦርቡረው ቀለበት አደረጉት፤ ባትሪዋ ውስጡ ስትገባ እንደ ልክ ልብስ ተቀመጠች። ከሥሯ የቀረውን ክፍተት የማስቲካ ብርማ መጠቅለያ አጥፌ ሞላሁት። ያ የማስቲካ ወረቀት የኔ ሐሳብ ነው፤ ሁሉም ሰው የሳቸው ነው ስለሚል ጽፌልሻለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት መብራቶቹን አበራሁና ባዶው ወንበር ላይ ዳኛዋን ይዤ ቆምኩ። መርፌዋ እንደ ባለፈው ሳትዘል፣ እየተሽኮረመመች ተነሳችና አምስት ስድስት ላይ ቆመች። እማዬን ጠራኋት። ምንም አላልኩም፣ መለኪያዋን ዘረጋሁላት። አየቻት፣ ዞር አድርጋ አየቻት፣ ወደ መስኮቱ ወስዳ መልሳ አመጣቻት። ከዚያ ፀጉሯን በሻሿ ውስጥ ከትታ፣ «በል ማን ነው ቀድሞ የሚቀመጥ?» አለች።

እታለም፣ ያን ጠዋት ብታዪው። ድንቢጥ ጥርሷ እንዳይታይ አፏን ገጥማ እንደ ዳኛ ተቀመጠች። እማዬ መለኪያዋን በጉንጯ አጠገብ ያዘች። ለምን ቁጥሩን እንደማትነግረኝ አልገባኝም፤ ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗ ካሜራው ላይ ነው፤ የምትጠብቀው እንድጠይቃት ኖሯል። ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ዳኛዋ ምን ፈረደች?» አልኩ። ድምፄ ግማሽ ላይ ተሰበረ፤ ድንቢጥ ሳቀች፤ እማዬ ግን «አምስት ስድስት» አለችኝ፣ ልክ ለእሱ እንደምትለው አድርጋ። ቀጥሎ ጋሼ መርፌና ሚስታቸው ገቡ። ጋሼ ስለማይሰሙ «ቀና ይበሉ» ስላቸው ወደ ጣሪያ ያያሉ፣ «ፈገግ ይበሉ» ስላቸው «ማን መጣ?» ብለው ወደ በሩ ይዞራሉ። እትዬ «ለአንዴ እንኳ አብረኸኝ እይ» ብለው አገጫቸውን ይዘው ወደ ካሜራው ሲያዞሯቸው ያኔ አነሳሁ፤ እጃቸው አገጫቸው ላይ እንዳለ። በመጨረሻ እማዬ ተቀመጠች። ስንቱን ሰው ስትለካ ኖራ ለራሷ ተለክታ አታውቅም። መለኪያዋን በገዛ ጉንጯ ይዛ፣ በዓይኗ ጥግ አንብባ፣ ቁጥሩን ነገረችኝ። እሷን እንዳነሳሁ ማንሻው አልዞርም አለ። ፊልሙ አለቀ።

ማጠቡን አባዬ ባለፈው ክረምት አስተምሮኝ ነበር፤ ያጠብኩት ግን የክፍል ጓደኞቼን ፊት ብቻ ነው፤ እነሱ ቢበላሹም የሚጎዳ የለም። ጨለማው ክፍል ገብቼ ፊልሙን በዳሰሳ እጠቀልል ጀመር። እማዬ ከበሩ ውጭ ወንበር ስባ ተቀምጣ፣ «ቀስ በል፣ ማንም አያባርርህም» ትለኛለች በየደቂቃው። አጥቤ ጨርሼ ፊልሙን በመስኮቱ ፊት በመቆንጠጫ ሰቀልኩት።

አሁን ደብዳቤውን አስቀምጪና ፖስታው ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች አውጪ፤ ጀርባቸው ላይ በተጻፈው ቁጥር በተራ እያቸው። የመጀመሪያዎቹን ታውቂያቸዋለሽ፤ በር ላይ ሆነሽ ሻንጣሽ ላይ እጅሽን ጭነሽ፣ ከእማዬና ከድንቢጥ ጋር ሆነሽ። እነዚያ ተለክተው ነው የተነሱት፣ የፊትሽ ሽፍታ ሳይቀር ይታያል፣ ይቅርታ። ከዚያ በኋላ ያሉት ግን ከላይ የተነሱ ናቸው። መንገዱ ነው። እኔና አንቺ ነን፣ ጀርባችን፤ ሻንጣው ከእኔ በልጦ። ቀጣዩም እኛው ነን፣ አነስ ብለን። ቀጣዩም። ከዳቦ ቤቱ አልፈን፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶው አልፈን፣ እያነስን እያነስን። ከዚያ አንዱ ላይ ጥጉ ጋ ቆመሽ ዘወር ብለሻል። ፊትሽ የጤፍ ፍሬ ታክላለች፣ ወደ በሩ እያየሽ ነው። ቀና ብትዪ ኖሮ ታዪው ነበር። ጣሪያ ላይ ነበር እኮ፣ እታለም፤ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ።

አንድ ፊልም እንዳይባክን ከሰው ጋር የሚጣላው አባታችን፣ ያን ጠዋት ከአንድ ቦታ ሆኖ አንድን ነገር ፊልሙ ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አነሳ። ቆጣሪው አላረጀም ነበር። እሱ ያነሳው የመጨረሻው ላይ እኛ የለንም፤ ባዶ ጥግ ብቻ ነው፣ ከሄድን በኋላ። ፎቶዎቹ ትንሽ ጠቆር ማለታቸውን ታያለሽ። አልተለኩም፤ ቁጥር የሚነግረው ሰው አልነበረም፣ ቀለበቱን በዚያ በማያይ ዓይኑ ገምቶ ነው ያዞረው።

እማዬ ኔጋቲቩን በመስኮቱ ብርሃን እያንዳንዱን አየች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ያን ጠዋት አንቺ ከሄድሽ በኋላ ግቢ ለግቢ ስትፈልገው ጉልበቱ አቧራ ሆኖ ከመሰላሉ ሲወርድ እንዳገኘችው ነገረችኝ። «ልጅህ ስትሄድ አንተ የት ነህ?» ብላ ብትጮህበት፣ ታንከሩ የሚያፈስ መስሎኝ ላየው ወጥቼ ነው አላት። እሷም ለካ በሆዷ ይዛበት ነበር፤ ልጁ አገር ጥላ ስትሄድ ታንከር የሚያይ አባት እያለች፣ ከሞተም በኋላ ጭምር። «ታንከሩ አንድ ቀን አፍስሶ አያውቅም» አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች፤ ግን እንደ ሰሞኑ ዓይነት አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ፊቷን ታጥባ እራት ስንበላ ድንቢጥን ስለ ትምህርቷ ጠየቀቻት።

እንግዲህ ያልሽኝን መመለስ የቻልኩት ይህን ያህል ዞሬ ነው። አባዬ አልተቀየመሽም። ሲያለቅስ እንዳታዪው ነው የወጣው፤ ይኼ የእኔ ግምት ነው፤ ፎቶዎቹ ግን ግምት አይደሉም።

ባትሪዋ እንደተባለው እያለቀች ነው፤ ጋሼ መርፌ ግን አዲስ ማሸጊያ መጥቶላቸው ከእያንዳንዱ አንዷ የዳኛዋ ናት ብለው ፈርደዋል። እማዬ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ፎቶ ቤቱን ከሰዓት በኋላ ትከፍታለች፤ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አነሳለሁ፣ እሷ ትለካለች። ትናንት አንዲት ሙሽራ ልታስነሳ መጥታ፣ እኔን አይታ «ፎቶ አንሺው የታለ?» ብትል፣ እማዬ «ይኸውልሽ፣ ፊትሽን ብቻ አስተካክዪ» አለቻት። ይህች ቃሏ ለሦስት ቀን ትበቃኛለች።

ድንቢጥ ጉንጭሽን አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ትስምሻለች፤ አዲሱ ጥርሷ ጫፉ ብቅ ብሏል፣ ሲበቅል ስምሽን በትክክል እንደምትጠራ ቃል ገብታለች። ጋሼ መርፌ ሰላም ብለውሻል፤ ካፖርት ካስፈለገሽ የቁልፍ ችግር የለም ይላሉ። እትዬ ደግሞ ሳምንቱ በጣም አጠረ ብለውሻል። ሰዓት ሠሪው በመንገድ ባገኘኝ ቁጥር ስላንቺ ይጠይቀኛል። የፊዚክስ አስተማሪዬ አያውቁሽም፤ ግን «እህትህን ሰላም በላት» ካሉ ሰላምታ ሰላምታ ነው። እኔን ወንድምሽን በጣም ናፍቀሽኛል፤ ቁመቴም አልፎሽ ሊሆን ይችላል፣ ስትመጪ ጀርባ ለጀርባ እንለካካለን።

እማዬ እዚህ አጠገቤ ቁጭ ብላ ምን ጻፍክ እያለች ነው። እጅሽን ቅባት ቀቢ፣ ወገብሽን አስሪ፣ ብቻሽን አታልቅሺ ትልሻለች። ደግሞም ፎቶዎቹን ክፍልሽ ግድግዳ ላይ በተራ ስትለጥፊ፣ ባዶ ነው ብለሽ ያን የመጨረሻውን እንዳትተዪው። ዓይኑ አንቺን ማየት ካቆመ በኋላም እዚያው ቆሞ ነበርና።

ታናሽ ወንድምሽ

ከፎቶ ቤቱ የኋላ ክፍል፣ ከመስኮቱ አጠገብ
እሑድ፣ ጥር ፲፬ ቀን